የጢያ ድንጋዮች የሰው መቃብር ናቸው

በማኅበራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር፤ ሴንት ፖል፣ ሚኔሶታ



የዝግጅት ኮሚቴው ስለ ጤና እንድናገር ነበር የጠየቀኝ። ባለፉት ዓመታት በዚሁ መድረክ ስለ ደም ግፊትና ስለ ስኳር ብዙ ተናግሬ፣ አሁን አሁን ምግብ ሲቀርብ አንዳንዶቻችሁ ሳህናችሁን ይዛችሁ ከእኔ ራቅ ብላችሁ እንደምትቀመጡ አይቻለሁ። ስለዚህ ዘንድሮ አስፈቅጄ ስለ ድንጋይ ልናገር መጥቻለሁ፤ ስለ ጢያ ትክል ድንጋዮች። ነርስ ነኝና ወሬው መጨረሻ ላይ ወደ ሰው መመለሱ ግን አይቀርም።

የምነሳው ከራሴ ጥፋት ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለእናቴ ቤት ማሠሪያ ገንዘብ ላክሁ፤ እዚህ ያላችሁ ብዙዎቻችሁ እንደምትልኩት ማለት ነው። ጣሪያው ተለወጠ፣ ግድግዳው በብሎኬት ተሠራ፣ ፎቶው በስልክ ሲመጣልኝ ለሥራ ባልደረቦቼ ሁሉ አሳየሁ። ከዚያ ለመስቀል አገር ቤት ገባሁ። በማግሥቱ ጠዋት ፊቴን ልታጠብ ወደ ጓሮ ስወጣ፣ ከቧንቧው አጠገብ ልብስ የሚታጠብበት አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ አየሁ። የጠዋት ፀሐይ ከጎን ስትመታው ድንጋዩ ላይ መስመር መስመር ታየኝ። የደረቀውን ሳሙና በእጄ ጠረግሁት። ሰይፍ ነው። እጀታው አለ፣ ስለቱ አለ፣ ጫፉ አለ።

“እማዬ፣ ይኼ ድንጋይ ከየት መጣ?” አልኳት።

“ግንበኞቹ ለመሠረት ድንጋይ ሲለቅሙ ከማሳ ዳር አምጥተውት ነው። ጠፍጣፋ ስለሆነ ለልብስ ይሆንሻል ብለው ተዉልኝ” አለችኝ።

ክፉ ያሰበ ሰው አልነበረም። ግንበኛው ሥራውን ሠርቷል፤ እናቴ ልብሷን አጥባለች። ገንዘቡን የላክሁት ግን እኔ ነኝ። “መሠረቱን አደራ፣ ጠንከር ያለ ድንጋይ ይሁን” ብዬ በስልክ ያዘዝኩትም እኔ ነኝ። ድንጋዩ ከየት እንደሚመጣ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅሁም።

እዚህ የተወለዱ ልጆቻችን እንዲከተሉኝ ከመጀመሪያው ልጀምር። የምጠቅሳቸው ዓመታት በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ጢያ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ፣ ወደ ቡታጅራ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከ80 ኪሎ ሜትር ትንሽ አለፍ ብላ የምትገኝ የሶዶ ከተማ ናት። መንገዱ ራሱ የእኛ ታሪክ አለበት። በ1960ዎቹ አባቶቻችን ከዓለም ገና ወደ ወላይታ ሶዶ የሚዘልቀውን መንገድ ለማሠራት ማኅበር አቋቁመው፣ ከመርካቶ ሱቅም ከገጠር ቤትም ገንዘብ አዋጥተዋል። የዛሬው ማኅበራችን የዚያ ልጅ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ያ መንገድ ነው ዛሬ ቱሪስቱን ወደ ጢያ የሚያደርሰው። እግረ መንገዱንም መልካ ቁንጥሬን ያልፋል፤ ከአንድ ሚሊዮን ተኩል ዓመት በላይ የቆዩ የድንጋይ መሣሪያዎች የተገኙበትና በ2024 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ቦታ ነው።

በጢያ ቅጥር ግቢ ውስጥ 36 ድንጋዮች አሉ። 33ቱ 45 ሜትር ገደማ በሚሆን መስመር ላይ ተሰልፈዋል፤ 3ቱ ትንሽ ፈንጠር ብለው ቆመዋል። ከ36ቱ 32ቱ ቅርጽ የተቀረጸባቸው ናቸው። ብዙ ጊዜ የሚታየው ቅርጽ ሰይፍ ነው። ክብ ምልክት አለ። እንደ ተክል ቅርንጫፍ ያወጣ ምልክትም አለ። አብዛኞቹ ድንጋዮች የሰው ቁመት ያህል ናቸው፤ ከዚያ በጣም የሚረዝሙም አሉ። ዩኔስኮ ቦታውን በዓለም ቅርስነት የመዘገበው በ1980 ነው፤ አክሱም በተመዘገበበት በዚያው ዓመት። ጢያ ደግሞ ብቻዋን አይደለችም። በሶዶ አካባቢ እንዲህ ያሉ 160 ያህል ጥንታዊ ቦታዎች ተለይተዋል። የታጠረውና ጠባቂ ያለው ጢያ ነው፤ ሌላው በእርሻና በግጦሽ መሬት ውስጥ፣ በየአጥሩ ሥር ያለ ነው። የእናቴ ድንጋይ ከነዚህ ከአንዱ እንደመጣ አልጠራጠርም።

አሁን እስቲ ልጠይቃችሁ። ልጅ ሆነን እነዚህን ድንጋዮች ምን ብለን ነበር የምንጠራቸው? አዎ፣ “የግራኝ ድንጋይ”። ግራኝ አህመድ ሲያልፍ የተከላቸው ናቸው ተብለን አድገናል። እኔም ነርስነት በምማርበት ጊዜ አንዲት የክፍል ጓደኛዬ የጢያን ፎቶ መጽሐፍ ላይ አይታ ብትጠይቀኝ ይህንኑ በኩራት ነገርኳት። ሐሰት ነው የነገርኳት። ኢማም አህመድ በሽምብራ ኩሬ የተዋጋው በ1529 ነው፤ የሞተው በ1543 ነው። ጢያን የቆፈሩት ተመራማሪዎች፣ በተለይም ፈረንሳዊው ሮዤ ዡሶምና የሥራ ጓደኞቹ፣ መቃብሮቹን የሚያስቀምጧቸው ከ11ኛው እስከ 13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ግድም ነው። ስለዚህ ድንጋዮቹ ከግራኝ ዘመን ከ200 ዓመት በላይ ቀድመው ቆመዋል። ላስታ ውስጥ የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ከዓለት በሚፈለፈሉበት ዘመን አካባቢ፣ ሶዶ ውስጥ ደግሞ ሌሎች እጆች ድንጋይ እየጠረቡ ሰይፍ ይቀርጹ ነበር።

“ስሙ ምን ለውጥ ያመጣል?” የሚል ሰው ይኖራል። እኔ ለውጥ ያመጣል እላለሁ። ድንጋዩ የጦረኛ ምልክት ነው ብለን ካመንን የእኛ አይሆንም። የእኛ ያልሆነን ነገር ደግሞ ለመሠረት ብናውለው፣ ቢላ ብንስልበት፣ ከብት ብናስርበት ኅሊናችን አይወቅሰንም። የሐሰት ስም ሰው ሳይታዘነው እንዲቀር ያደርጋል። በዚያ ላይ ከሙስሊም ጎረቤቶቻችን ጋር አብረን በኖርንበት አገር፣ ያልነበረ ቂም በድንጋይ ላይ ጽፈን ለልጅ ማውረስ ተገቢ አይደለም።

ታዲያ በእርግጥ ከሥራቸው ያለው ማን ነው? እዚህ ላይ ነው ነርስነቴ የሚመጣው። ሲቆፈር ከድንጋዮቹ ሥርና ከአጠገባቸው መቃብሮች ተገኝተዋል። ሰዎቹ የተቀበሩት ተጋድመው ተዘርግተው አይደለም፤ ጉልበታቸው ወደ ደረታቸው ተሰብስቦ፣ በእናት ማሕጸን ውስጥ እንዳለ ሕጻን ተጠቅልለው ነው። ዕድሜያቸውም ሲመረመር በአብዛኛው ከ18 እስከ 30 ዓመት ገደማ ያሉ ወጣቶች ሆነው ተገኙ።

ከ800 ዓመት በኋላ የአጥንት ዕድሜ እንዴት ይታወቃል ትሉኝ ይሆናል። ሰው እያደገ ሳለ የረጃጅም አጥንቶቹ ጫፍ ከግንዱ ጋር ገና አልተዋሐደም፤ መሐሉ ላይ ለስላሳ ማደጊያ አለ። ዕድገት ሲያበቃ ይገጥማል። ሁሉም አጥንት ግን በአንድ ጊዜ አይገጥምም። ከአንገታችን ሥር ወደ ትከሻ የሚሄደው አጥንት፣ በደረት በኩል ያለው ጫፉ መጨረሻ ከሚገጥሙት አንዱ ነው፤ ብዙ ጊዜ ሃያዎቹን ዓመታት ይወስዳል። የመጨረሻው መንጋጋ ጥርስ መውጣት አለመውጣቱ ይታያል፤ የጥርሱ መበላት ይታያል። የዳሌ አጥንት ሁለቱ ጎኖች ከፊት የሚገናኙበት ቦታ መልኩ ከዕድሜ ጋር ይለወጣል። እነዚህን አንድ ላይ አድርጎ የሚያነብ ባለሙያ “ይህ ሰው ሃያ አምስት ግድም ነበር” ሊል ይችላል። የድንጋዩን ጽሑፍ ማንበብ የቻለ ሰው እስካሁን የለም። የአጥንቱን ግን አንብበነዋል፤ የሚለውም “ወጣት ነበርኩ” ነው።

ይህን ያነበብኩት ከሌሊት ፈረቃ ወጥቼ፣ ወጥ ቤት ቁጭ ብዬ ነው። በሥራዬ ሽማግሌ ሲሞት አይቻለሁ፤ ወጣት ሲሞትም አይቻለሁ። የሰማንያ ዓመት ሰው ሲያርፍ ቤተሰቡ ያለቅሳል፣ ግን ደግሞ ወግ ያወራል፣ ፎቶ ያያል፣ አንዳንዴም ይስቃል። የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ሲሞት ኮሪደሩ ጸጥ ይላል። እናት ወንበር ላይ አትቀመጥም፤ መሬት ላይ ነው የምትቀመጠው። ይህ በአበሻም በአሜሪካዊም በሶማሌም በሕሞንግም ቤተሰብ ያየሁት ነው። እና ጢያን ከዚያ ጠዋት ጀምሮ በሌላ ዓይን ነው የማየው። ሰይፉ ስንት ሰው እንደገደለ የሚቆጥር ነው የሚሉ አሉ፤ ቅርንጫፍ ያለው ምልክት እንሰት ነው የሚሉም አሉ። ሊሆን ይችላል። እኔ ግን መጀመሪያ የሚታየኝ፣ ያልጠገቡትን ልጅ የቀበረ አገር ነው።

ሥራውንም አስቡት። ሁለት ሜትር ርዝመት፣ ግማሽ ሜትር ስፋት፣ ሠላሳ ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው አንድ ድንጋይ ከግማሽ ቶን በላይ ይመዝናል። ከዓለቱ መፈልፈል፣ መጥረብ፣ መጎተት፣ ጉድጓድ መቆፈር፣ ማቆም፣ ከዚያ መቅረጽ አለ። አንድ ቤተሰብ ብቻውን አይችለውም። ደቦ ይጠይቃል። የሚበላና የሚጠጣ የሚያቀርብ ይጠይቃል። እንግዲህ የእኛ እድር ከሚሠራው በምን ይለያል? ሰው ሲሞት ድንኳን ተካዩ፣ ወጥ ሠሪው፣ አፈር ገፊው ተሰብስቦ ሐዘኑን ይካፈላል። የጢያ ሰዎች ዘመዶቻችን ናቸው ብዬ አልምልም። ያደግነው ግን እነርሱ ባዘኑበት መሬት ላይ ነው፤ ያውም ደህና አድርገው ባዘኑበት።

አሁን ወደዚህ ወደምንኖርበት ከተማ ልምጣ። ከዚህ አዳራሽ በመኪና ብዙ ሳንርቅ፣ በሴንት ፖል ምሥራቅ በኩል፣ ከሚሲሲፒ ወንዝ በላይ ያለውን ገደል ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ኢንዲያን ማውንድስ ፓርክ ይባላል። እኔ ለዓመታት ከሥራ ስወጣ ቡናዬን ይዤ እዚያ እቀመጥ ነበር፤ ከላይ ወንዙ ይታያል፣ የከተማው ሕንጻም ይታያል። ልጆቼም ሣሩ ላይ ይሮጡ ነበር። እነዚያ በሣር የተሸፈኑ ጉብታዎች የተፈጥሮ ኮረብታ ይመስሉኝ ነበር። መቃብር ናቸው። የዚህ አገር ጥንታዊ ሰዎች ከ1,000 ዓመት በላይ በፊት አፈር ቆልለው ሙታናቸውን ያኖሩባቸው ናቸው፤ ለዳኮታ ሕዝብ ዛሬም የተቀደሰ ቦታ ነው። ድሮ በዚያ ገደል ላይ ብዙ ጉብታዎች ነበሩ፤ ከተማው ሲሰፋና መናፈሻው ሲሠራ ብዙዎቹ ተደለደሉ። የቀሩት ስድስት ናቸው። ዛሬ ስድስቱ ታጥረዋል። ከተማውም ከዳኮታ ተወላጆች ጋር ተመካክሮ፣ ቦታው የመዝናኛ ሜዳ ከመሆኑ በፊት የመቃብር ስፍራ መሆኑን ለሰው መንገር ጀምሯል።

ያንን ሳነብ አፈርኩ። ጓሮ ያለው ድንጋይ ትዝ አለኝ። አገር ቤት በሰው መቃብር ላይ ልብስ ይታጠባል፤ እዚህ በሰው መቃብር አጠገብ ቡና ይጠጣል። ሁለቱንም ያደረግሁት ባለማወቅ ነው። ልጄ ግን አብሮኝ ጽሑፉን አንብቦ “ታዲያ የእኛዎቹ ድንጋዮች ሥር ማን አለ?” ብሎ ጠየቀኝ። የክፍል ጓደኛዬን የመለስኩላትን መልስ ለልጄ መድገም አልቻልኩም። ይህ ንግግር ከዚያ ጥያቄ የመጣ ነው።

ሌላውም ዓለም ከዚህ አይለይም። ፈረንጅ ስለ ጥንት ድንጋይ ሲያወራ ቶሎ የሚመጣለት በእንግሊዝ አገር ክብ ሠርቶ የቆመው ስቶንሄንጅ ነው፤ ትልልቆቹ ድንጋዮች ከቆሙ ወደ 4,500 ዓመት ይሆናቸዋል። እዚያም ሲቆፈር የተቃጠለ የሰው አጥንት ተገኝቷል፤ መቃብርም ነበር ማለት ነው። በአፍሪካችንም በጋምቢያ ወንዝ አካባቢ፣ በሴኔጋልና በጋምቢያ፣ ከ1,000 በላይ የድንጋይ ክቦችና መሰል ሐውልቶች አሉ፤ በ2006 በዓለም ቅርስነት ሲመዘገቡ እነሱም ከመቃብር ጋር የተያያዙ መሆናቸው ተገልጿል። እዚያው እኛ አገር ደግሞ ከሶዶ ወደ ደቡብ ስንወርድ የጌዴኦ ትክል ድንጋዮች አሉ፤ የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በ2023 ተመዝግቧል። ክብ ይሁን ሰልፍ፣ አፈር ይሁን ድንጋይ፣ ሰው ሙታኑን ሳያስብ አልኖረም። በስቶንሄንጅ ድሮ ሰው ድንጋዩ ላይ ይወጣ፣ ይሸርፈውም ነበር። ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ግን ጎብኚ በመደበኛው ሰዓት ከገመዱ ውጭ ሆኖ ነው የሚያየው። እንግሊዞች ከእኛ የተሻለ ሰው ስለሆኑ አይደለም፤ ቀድመው ስለደነገጡ ነው።

እንግዲህ ከማኅበራችን የምጠይቀው ምንድን ነው? ለጤና ጣቢያውና ለትምህርት ቤቱ ከያዝነው ገንዘብ ወደ ድንጋይ ይዙር አልልም። ነርስ ሆኜ እንዲህ ብል የምታምኑኝም አይመስለኝም። የምጠይቀው ብዙ ገንዘብ የማይፈልግ ነገር ነው።

አንደኛ፣ ከዛሬ ጀምሮ “የግራኝ ድንጋይ” ማለታችንን እንተው። “የጢያ መቃብር” ወይም “የጢያ ትክል ድንጋይ” እንበል፤ ለልጆቻችንም እንደዚያው እንንገር።

ሁለተኛ፣ ቤት የምታሠሩ ወይም ወገኖቻችሁን የምታግዙ ሁሉ፣ ገንዘቡን ስትልኩ አንድ ዓረፍተ ነገር ጨምሩበት፤ “ቅርጽ ያለበት ወይም የተጠረበ የቆየ ድንጋይ እንዳትነኩ፣ ካገኛችሁ ለወረዳው አሳውቁ።” ይህ የእኔ ምክር ብቻ አይደለም። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ በአጋጣሚ ያገኘ ሰው ለሚመለከተው አካል ማሳወቅ እንዳለበት ይደነግጋል። ድንጋዩን ከማሳው አንስቶ “በክብር” ግቢ ውስጥ ማቆምም ትክክል አይደለም። ሆስፒታል ውስጥ የበሽተኛው ስም ያለበት አምባር ከእጁ ላይ ከተቆረጠ ማን እንደሆነ ማወቅ ይከብዳል። ድንጋይም ከቦታው ሲነሳ እንደዚያ ነው፤ የማን መቃብር እንደነበረ፣ ከሥሩ ምን እንዳለ የሚነግረን ቦታው ነው።

ሦስተኛ፣ ለአካባቢው ትምህርት ቤቶች የሚሆን አንድ ቀላል ፖስተር በአማርኛና በክስታንኛ እናዘጋጅ። ሰይፉን፣ ክቡን፣ ቅርንጫፉን የሚያሳይ፣ “ይህን ካየህ አትንካው፣ ለመምህርህ ንገር” የሚል። ከብት የሚያግደው ልጅ ከማናችንም በፊት ያያልና። ሥዕሉን እዚህ ያሉ ልጆቻችን ቢሠሩት ሁለቱንም ወገን ያስተምራል።

አራተኛ፣ ለወጣቶቻችን፤ በሚመጣው የበጋ ወር አንድ ቅዳሜ ኢንዲያን ማውንድስ ፓርክን አብረን እንጎብኝ። ምግብ አንይዝም፤ ኳስም አንይዝም። ለቅሶ ቤት እንደምንገባ ገብተን፣ ቆመን፣ አንብበን እንወጣለን። የሌላውን ሕዝብ መቃብር ማክበር የለመደ ልጅ የራሱን አይረግጥም።

የእናቴ ድንጋይ የት ደረሰ ለምትሉኝ፣ አሁንም እዚያው ጓሮ ነው። ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት አሳውቀናል፤ ግንበኛው ያነሳበትን ማሳ አሳይቷል፣ ቦታውም ተመዝግቧል። ባለሙያ መጥቶ እስኪወስን ድረስ እንዳይነካ ተነግሮናል። እናቴ ግን ያንኑ ቀን ለሌላ ድንጋይ ጎረቤት ላከች። ከሥሩ የነበሩት ወጣቶች እንደነበሩ ስነግራት ረጅም ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ ሳሙናውን በንጹሕ ውኃ አጥባ፣ ድንጋዩን በነጠላ አደረቀችው፤ አሁን በጆንያ ተሸፍኖ ተቀምጧል። ባለፈው ሳምንት ስደውልላት፣ “ያንቺ ባለ ሰይፍ ደህና ነው፤ ዝናብም አይነካውም” አለችኝ። ቀጥላም፣ “እናቱ ብትኖር ይኼን ታደርግለት ነበር” አለች።

 ፈጣሪ የሞቱትን ነፍስ ይማር፤ እኛንም በሰላም ለከርሞ ያድርሰን።